የኮመጠጠ መሬት፦ ከቡሬት እስከ ገብስ ማሳ

ጥር፣ 1ኛ ሳምንት፦ አፈር መቆፈር

አጎቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ አንዲት ቃዳ መሬት አላቸው። ሩብ ሄክታር መሆኗ ነው። ድሮ ገብስ ታበቅል ነበር። አሁን ገብሱ ስንዝር ያህል አድጎ ቢጫ ይሆንና እዚያው ይቀራል። የሚሆንላት እንግዶ ብቻ ነው። «መሬቷ ኮምጥጣለች» ይላሉ አጎቴ፣ ልክ ናቸው። እዚህ አካባቢ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል። ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስደዋል። ቦታውን አሲድ ይይዛል።

እኔ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። «አሲድ ሲደመር ቤዝ፣ ጨውና ውሃ ይሰጣል» የምትለዋን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ቤዝ ማለት አሲድን የሚያጠፋ ነገር ነው። በየዓመቱም አንድ ተማሪ «ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዘንድሮ ነገሩን ማሳ ላይ ልሞክረው አሰብኩ። አጎቴን ሳማክራቸው «ሞክር፣ ግን ከዳር ነው። ዘሬን እንዳታቃጥልብኝ፣ መምህር» አሉኝ። መምህር የሚሉኝ ሲያሾፉብኝ ነው።

ናሙና ከ12 ቦታ ወሰድኩ፣ በዚግዛግ እየሄድኩ፣ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። መሣሪያው ዶማ፣ ባልዲና ማስመሪያ ነው። ባልዲው ውስጥ ደባልቄ ሁለት ኪሎ ያህሉን ቤት ወስጄ ጥላ ሥር ጋዜጣ ላይ አሰጣሁት።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ተሠራ። ከጉድጓዶቹ ሁለቱ ከደጃፍ አጠገብ ነበሩ፤ እትዬ፣ የአጎቴ ባለቤት፣ ለዓመታት አመድ የሚደፉበት ቦታ። አመድ ቤዝ ነው። ናሙናውን አበላሸው። ደፋሁትና በሳምንቱ እንደገና ቆፈርኩ።

ጥር፣ 3ኛ ሳምንት፦ ሁለት መለኪያ፣ አንድ ውሸታም

አፈር ላይ ተሰክቶ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ ሲያንስ አሲድ) ያሳያል የተባለ ባለ ሁለት እግር መሣሪያ በ900 ብር ገዝቼ ነበር። ማሳው ላይ ሰካሁት፣ 7 አለ። አመድ መድፊያው ላይ ሰካሁት፣ 7። ኮምጣጤ ያጠጣሁት አፈር ላይ ሰካሁት፣ አሁንም 7። ባትሪ እንኳ የለውም። 900 ብሬ በላኝ።

በ2,400 ብር የኪስ ፒኤች ሜትር ገዛሁ፣ ማስተካከያ ዱቄቱን በ200። ይኼኛው እንኳ ይሠራል፤ ግን በ4.01 እና በ6.86 ማስተካከያ ውሃ ካልታረመ እሱም ይዋሻል። አሠራሩ ቀላል ነው። 10 ግራም ደረቅ አፈር በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይበጠበጣል፣ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ ይለካል። ሦስት ጊዜ ለካሁ፦ 4.8፣ 4.8፣ 4.7።

ፒኤች የሚባለውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው ሶረንሰን ነው። ይሠራ የነበረው ኮፐንሃገን ውስጥ፣ ካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ ባቋቋመው ላብራቶሪ ነው። እኔ ጋ ደግሞ ገብሱ ራሱ አልበቅል ብሏል።

ከዚህ ቁጥር ተነስቼ ስንት ኖራ፣ ማለትም አሲዱን የሚያጠፋ ቤዝ፣ እንደሚያስፈልግ ላስላ አልኩ። ፒኤች 4.8 ማለት በአንድ ሊትር የአፈር ውሃ ውስጥ 0.000016 ሞል (ሞል የኬሚስትሪ የብዛት መለኪያ ነው) ሃይድሮጅን አዮን፣ ማለትም አሲድ፣ አለ ማለት ነው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር አፈር 1,500 ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ 30 በመቶው ውሃ ነው ብንል 450,000 ሊትር። ሲባዛ 7 ሞል ገደማ። ይህን ለመጨረስ የሚበቃው የኖራ ድንጋይ 360 ግራም ነው።

360 ግራም! ለሄክታር! አንድ የስኳር ከረጢት አይሞላም። የግብርና ሰዎች ደግሞ ለዚህ ዓይነት መሬት በቶን ነው የሚያወሩት። ወይ እነሱ ተሳስተዋል ወይ እኔ።

እኔ ነኝ። ፒኤች የሚነግረኝ በዚህች ደቂቃ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን አሲድ ብቻ ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው የሸክላ ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ተራውን የሚጠብቀውን አይነግረኝም። ውሃው ውስጥ ያለውን ባጠፋሁ ቁጥር ከሸክላው ላይ ሌላ ይለቀቃል። በኪስ ያለ ብርና ባንክ ያለ ብር እንደማለት ነው፤ ኪስ በመፈተሽ ሀብት አይታወቅም።

የካቲት፣ 1ኛ ሳምንት፦ የተደበቀውን አሲድ ማውጣት

ባንኩን ለመፈተሽ መንገድ አለ። አፈሩ በፖታሲየም ክሎራይድ ውሃ ይታጠባል። ፖታሲየሙ ሸክላው ላይ ያለውን አሲድ ገፍቶ ያስወጣና ቦታውን ይይዛል። የወጣው በቲትሬሽን ይለካል፤ መጠኑ የታወቀ ቤዝ ጠብ እያደረጉ አሲዱ እስኪያልቅ ስንት እንደበላ ማየት ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ፖታሲየም ክሎራይድ አልነበረም። ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ጓደኛ ትንሽ ቋጥሮ ላከልኝ። 1 ሞላር (በሊትር 1 ሞል) ውህድ 100 ሚሊ ሊትር ለማዘጋጀት 7.5 ግራም ይበቃል። 10 ግራም አፈር ማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርጌ ውህዱን አሥር አሥር ሚሊ ሊትር እያልኩ አፈሰስኩበት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ታች የተጠራቀመው ውሃ ጥርት ያለ ነው፣ ምንም የያዘ አይመስልም።

ፌኖልፍታሊን፣ ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆነው ጠቋሚ፣ አምስት ጠብታ። ቡሬቱ (ጠብ እያደረገ የሚለካው ቀጭን የመስታወት ቱቦ) ውስጥ 0.02 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ቤዙ። ጠብታው ሲወርድ ሮዝ ክር ይሠራል፣ ፍላስኩን ሳሽከረክረው ይጠፋል። ይወርዳል፣ ይጠፋል። 7 ሚሊ ሊትር አለፈ፣ 10 አለፈ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ ጥርት ያለው ውሃ ልክ እንደ አጓት ደፈረሰ። መጀመሪያ ፍላስኩ ቆሽሾ ነበር ብዬ አሰብኩ። አጥቤ ደገምኩት። እንደገና አጓት።

አሉሚኒየም ነው። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ከሸክላው ውስጥ አሉሚኒየም እየሟሟ ይወጣል። ቤዝ ሲያገኝ ነጭ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይረጋል። አንዱ የአሉሚኒየም አዮን ሦስት ሃይድሮክሳይድ ይበላል። የገብሱን ሥር የሚያሳጥረውም በዋናነት እሱ ነው፤ ሃይድሮጅኑ ብቻውን ያን ያህል ጠላት አይደለም። በየዓመቱ ስለ ሃይድሮጅን ሳወራ አሉሚኒየም ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

ሮዙ የማይጠፋው 15.0 ላይ ነው። አፈር ያልነካው ውህድ ብቻውን 0.3 በላ። ልዩነቱ 14.7 ሚሊ ሊትር። በዚህ ስሌት አሲዱ በኪሎ አፈር 2.94 ሴንቲ ሞል ሆነ። ኖራው በሄክታር 3.6 ቶን።

የካቲት፣ 2ኛ ሳምንት፦ ሶዳው አርጅቶ ነበር

ሌሊት ትዝ አለኝ። ያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ሶዳ የምንለው) መቼ ነው የተዘጋጀው? ጠርሙሱ ላይ «0.02» ይላል፣ ቀን የለውም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ደግሞ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጠጣ ይደክማል። ተማሪዎቼን «ቤዙን ሳትፈትሹ አትመኑ» እያልኩ ራሴ አመንኩት።

ኦክሳሊክ አሲድ ነበረን። 0.63 ግራሙን በ500 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟሁ። ሶዳው ደህና ቢሆን 10 ሚሊ ሊትር ኦክሳሊክ 10 ሚሊ ሊትር ሶዳ መብላት ነበረበት። 11.8 በላ። ሶዳው 0.017 ነው ማለት ነው።

እንደገና ስሌት። አሲዱ 2.94 መሆኑ ቀርቶ 2.5 ሆነ። ለ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ሜትር ኩቡ 1.1 ቶን ለሚመዝን አፈር፣ የአንድ ሄክታሩን አሲድ ለማጥፋት 2.06 ቶን ካልሲየም ካርቦኔት (ንጹህ የኖራ ድንጋይ) ይበቃል። ነገር ግን ኖራው ሁሉ ከአሲዱ ጋር አይገናኝም፣ ስለዚህ በ1.5 ማባዛት የተለመደ ነው። 3.1 ቶን። ለ100 ካሬ ሜትር 31 ኪሎ።

ያችን 1.5 ልብ በሉልኝ። ፍላስክ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ማባዣ የለም። አንዱ አንዱን ያገኘዋል፣ በሰከንድ ያልቃል።

የካቲት፣ 4ኛ ሳምንት፦ ማርከሻውን መፈተሽ

ሦስት ዓይነት ቤዝ አገኘሁ። አንደኛው ከደጀን አካባቢ የመጣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ኩንታሉ 650 ብር፣ ጭነት 200። ሁለተኛው ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ፣ 25 ኪሎው 500 ብር። ሦስተኛው አመድ፣ በነጻ።

አመዱን መጀመሪያ ከከሰል ማክሰያ ጉድጓድ ነበር የዛቅሁት። በዚህ አገር ዲከረንስ (ለከሰል የሚሆን ዛፍ) ያልተከለ፣ ከሰል ያላከሰለ ገበሬ ጥቂት ነው፤ አመድ ሞልቷል ብዬ ነበር። የዛቅሁት ግን ጥቁር የከሰል ብናኝ ሆነ። ከሰል እኮ እንጨት ሙሉ በሙሉ እንዳይነድ ታፍኖ ነው የሚሠራው፣ አመድ ከየት ይመጣል! ጣልኩትና ከየቤቱ የምድጃ አመድ ሰበሰብኩ፤ ነጭ፣ የላመ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። 1 ግራም ቤዝ በ25 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሟሟል። የተረፈው አሲድ በ0.5 ሞላር ሶዳ ይለካል። ሶዳው አዲስ የተዘጋጀ፣ የተፈተሸ። ከእንግዲህማ!

የኖራ ድንጋዩ ተንቸፈቸፈ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ቸኩዬ ሳላፈላው ቲትሬት አደረግሁ። ሮዙ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ውሃው ውስጥ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሱ ደካማ አሲድ ነው፣ ሶዳዬን ይበላል። በሁለተኛው ሙከራ አምስት ደቂቃ አፈላሁት፣ አቀዘቀዝኩት፣ ሮዙ ጸና። 14.0 ሚሊ ሊትር። የኖራ ድንጋዩ አሲድ የማጥፋት አቅም ከንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር ሲነጻጸር 90 በመቶ ሆነ።

የቀለም ኖራው አስቂኝ ነበር። ፌኖልፍታሊኑን ገና ጠብ ሳደርግ ሮዝ ሆኖ ቁጭ! አንዲት ጠብታ ሶዳ ሳልጨምር። አሲዱን ሙጥጥ አድርጎ በልቶ ተርፎታል። በ0.5 ግራም ደገምኩት፣ 130 በመቶ። የቀለም ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በእኩል ክብደት ከካርቦኔት የበለጠ አሲድ ያጠፋል፣ ንጹሁ 135 ነው።

አመዱ 40 በመቶ።

ስለዚህ ለ100 ካሬ ሜትር የኖራ ድንጋይ 34 ኪሎ ተኩል ገደማ፣ የቀለም ኖራ 24፣ አመድ 77። ሰባ ሰባት ኪሎ አመድ ከየት? የሰበሰብኩት 40 ብቻ ነው። ግማሽ መጠን ይሆናል እንግዲህ።

መጋቢት፦ አምስት ሃይላንድ

ማሳው ላይ ከመዝራቴ በፊት አምስት የሃይላንድ ጠርሙስ ለሁለት ቆርጬ በእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ አፈር አደረግሁ። አንዱ ባዶ። አንዱ 1.05 ግራም የኖራ ድንጋይ፣ አንዱ የዚያ እጥፍ። አንዱ 0.72 ግራም የቀለም ኖራ። አንዱ 2.35 ግራም አመድ። እርጥብ አድርጌ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው።

በ2ኛው ቀን የቀለም ኖራው 6.6 ደረሰ። የኖራ ድንጋዩ ገና 5.0። አሸናፊው ታወቀ ብዬ ነበር። በሳምንቱ የቀለም ኖራው ወደ 6.0 ወረደ፣ በአራተኛው ሳምንት 5.6። የኖራ ድንጋዩ እያዘገመ 5.2፣ ከዚያ 5.5። አመዱም ከ5.8 ወርዶ 5.5 ላይ ቆመ። እጥፍ የተጨመረበት 6.1። ባዶው 4.8 እንዳለ ነው።

የቀለም ኖራው የወረደበት ምክንያት ያው ባንኩ ነው። ውሃ ውስጥ ያለውን አሲድ ወዲያው ጨረሰ፣ ከዚያ ከሸክላው ላይ ያለው ቀስ በቀስ እየወጣ መለሰው። ሁለተኛ ቀን ላይ ለክቼ ባቆም ኖሮ «6.6 ደረሰ» ብዬ አወራ ነበር።

አንድ ነገር ቆይቼ አየሁ። የኖራ ድንጋዩን በዱቄት ወንፊት ሳበጥረው ስድስተኛው እጅ ያህል ላይ ቀረ፣ እንደ አሸዋ ነው። በቲትሬሽኑ ጊዜ ትኩስ አሲዱ ይህንንም አሟሙቶት ስለነበር 90 በመቶው ውስጥ ተቆጥሯል። አፈር ውስጥ ግን ትኩስ አሲድ የለም፣ አሸዋው ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሎሚ ጨምቄ ሁለቱንም ሞከርኩ። ዱቄቱ ቡፍ ብሎ አለቀ። አሸዋው እያንዳንዷ ቅንጣት አረፋ ተሸክማ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተንጠባጠበች። የቀረችውን በሙቀጫ ወቀጥኳት። እጅ ያሳምማል።

ሚያዝያ፣ 1ኛ ሳምንት፦ መበተን

አራት መደብ፣ እያንዳንዱ 10 በ10 ሜትር። አንዱ ባዶ፣ ሌሎቹ በየቤዛቸው። ድግግሞሽ የሌለው ሙከራ ነው፤ የምርምር ሰው ቢያየው ይስቃል። መሬቱ የአጎቴ ነው፣ ከዚህ በላይ አልተፈቀደልኝም።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እፍኞች እንደ ዘር በእጄ በተንኩ። ነፋሱ ግማሹን ወደ ጎረቤት ወሰደው፣ ቀሪው እዚህ ክምር እዚያ ባዶ። ቆምኩና መሬቱን በገመድ በካሬ ሜትር ከፋፈልኩ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ መዝኜ 344 ግራም የሚይዝበት ላይ በምስማር ጫርኩ። አንድ ካሬ፣ አንድ ጣሳ። ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ። አሰልቺ ነው ግን ይሠራል።

የቀለም ኖራው ተራ ሲደርስ ሞኝነት ሠራሁ። ጓንትና ማስክ አድርጌያለሁ። መከላከያ መነጽሩን ባሕር ዛፉ ሥር ረሳሁት። ላብ ሲያወርደኝ በክንዴ ጠረግሁ። ቀኝ ዓይኔ እሳት ገባበት።

አጎቴ ውሃ ይዘው ሮጡ። እትዬ ደግሞ ከቤት ሎሚ ቆርጠው መጡ። «አሲድ አይደል የሚያጠፋው? አንተ አይደለህ ያልከኝ!» እውነታቸውን ነው፣ እኔ ነኝ ያልኳቸው። ግን ዓይን ፍላስክ አይደለም። አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ሙቀት ይወጣል። ክፍል ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር 1 ሞላር አሲድ ከዚያው ያህል ሶዳ ጋር ስንደባልቅ ቴርሞሜትሩ ስድስት ዲግሪ ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ሎሚው በራሱ ሌላ ቁስል ነው። ለዓይን ውሃ ብቻ ነው፣ ብዙ ውሃ። በጀሪካን ከ20 ደቂቃ በላይ አጠቡኝ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሦስት ቀን ቀልቶ ዳነ። ሎሚዋን በሻይ ጠጣናት።

በሬ ተጠምዶ ሁለት ጊዜ ታረሰ፣ አንዴ ወርዱን አንዴ ቁመቱን፣ ኖራው እንዲደባለቅ።

ሚያዝያ፣ መጨረሻ፦ ምንም

ለካሁ። የኖራ ድንጋይ መደብ 4.9። ወር ሊሞላው ነው፣ 4.9! ሃይላንዱ ውስጥ እኮ በሳምንት 5.2 ደርሶ ነበር።

አፈሩን በእጄ ሳፈርሰው ነጭ ዱቄቱ እንዳለ ነው። ዝናብ አልዘነበም። ያለ ውሃ አዮን አይንቀሳቀስም፣ አሲዱም ኖራውም ጎን ለጎን እንደ ተኳረፈ ጎረቤት ተቀምጠዋል። አጎቴ «ያንተ መድኃኒት ተኝቷል» ብለው ሳቁብኝ።

ግንቦት ላይ ዘነበ። ሰኔ መግቢያ ላይ የኖራ ድንጋይ መደብ 5.4፣ የቀለም ኖራ 5.6፣ አመድ 5.2፣ ባዶው 4.8።

ሰኔ፦ ገብስና የሽንት ቤት ሽታ

በየመደቡ 1.25 ኪሎ የገብስ ዘርና 1 ኪሎ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ። ማዳበሪያውን የመዘንኩት የቀለም ኖራ በነበረበት ሳፋ ነው። በውሃ አለቅልቄው ነበር፣ ኖራው ግን ጠርዙ ላይ ተጋግሯል። ማዳበሪያውን ስገለብጠው አፍንጫ የሚበሳ ሽታ ተነሳ፣ የሽንት ቤት ሽታ። አሞኒያ ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ያለው አሞኒየም ከኖራው ሃይድሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ አሞኒያ ጋዝና ውሃ ይሆናል። ይኼም እኮ አሲድና ቤዝ ነው፣ የከፈልኩበት ናይትሮጅን ወደ ሰማይ ሄደ እንጂ። ቶሎ ደፋሁት፣ በሌላ ዕቃ መዘንኩ።

የሚያስቀው ይኸው ማዳበሪያ ራሱ መሬት ያኮመጥጣል። የአፈር ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ሲቀይሩ አሲድ ይለቃሉ። ዩሪያም መጨረሻው ያው ነው። አሲዱን ባጠፋሁበት መሬት ላይ መልሼ አሲድ እየጨመርኩ ነው።

ነሐሴ፣ 2ኛ ሳምንት፦ ሥር

ከየመደቡ አምስት አምስት ገብስ በዶማ ነቅዬ ወንዝ ወርጄ አጠብኩ። ድንጋይ ላይ ደረደርኳቸው። የባዶው መደብ ሥር አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ ቡናማ፣ ቅርንጫፍ የሌለው። አውራ ጣቴ ያህላል። የኖራ ድንጋዩ ሥር ነጭና ቀጭን ነው፣ እንደ ጢም የተበተነ፣ አፈር አልለቅም ብሎ ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኩት። የአመዱና የቀለም ኖራው በመካከል ናቸው።

አጎቴ ሁለቱን ሥር አንስተው ፀሐይ ላይ ይዘው አዩ። ብዙ አልተናገሩም። «ያኛው ተቆልፎበት ኖሯል» አሉ።

ኅዳር፦ አጨዳ

እያንዳንዱ መደብ ለብቻው ታጭዶ፣ ለብቻው ተወቅቶ፣ በእጅ ሚዛን ተመዘነ። ባዶው 9 ኪሎ። የኖራ ድንጋይ 17። አመድ 14። የቀለም ኖራ 15። የቀለም ኖራው የባሰበት በአንድ ጥግ ሳይበቅል የቀረ ቦታ ስላለ ነው፤ ያን ቀን ዓይኔን ይዤ ስሮጥ ከረጢቱ የተደፋበት ጥግ ነው። በአመዱ ግን ተገርሜያለሁ። ግማሽ መጠን ሆኖ 14! ከአሲድ ማርከሱ ሌላ ፖታሲየምና ጥቂት ፎስፈረስም ስለሚሰጥ ይሆናል፣ ሁሉንም ለኖራነቱ መቁጠር አይገባም።

ወጪው፦ የኖራ ድንጋይ ከነጭነቱ 850፣ የቀለም ኖራ 500፣ ደህናው ሜትር 2,400፣ ማስተካከያው 200፣ ውሸታሙ 900፣ ጓንት፣ ማስክና መነጽር 450። ድምር 5,300 ብር። ከኩንታሉ 65 ኪሎ ተርፏል። በኖራ ድንጋይ መደቡ የተገኘው ጭማሪ 8 ኪሎ ገብስ ነው። ሜትሮቹን ከቆጠርን ኪሳራ ነው፤ ግን ሜትሩ ለከርሞም አለ፣ ኖራውም በአንድ ዓመት አያልቅም። ይህን ዓይነት ቁጥር አጎቴ ፊት አላነበብኩም።

የኖራ ድንጋይ መደቡን በፖታሲየም ክሎራይድ እንደገና አጥቤ ቲትሬት አደረግሁ። ከ2.5 ወደ 0.4 ወርዷል። ፍላስኩ ውስጥ ውሃው አልደፈረሰም። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጥርት ብሎ ቆይቶ ሮዝ ሆነ።

ኅዳር፣ መጨረሻ፦ የተጣመመ ሥር

ገለባው ከተነሳ በኋላ የኖራ ድንጋይ መደቡን ጎን በዶማ ከፍቼ አየሁት። ሥሩ ቀጥ ብሎ ወርዶ 17 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ እንደ ክርን ታጥፎ ወደ ጎን ሄዷል። ሁሉም፣ እዚያው መስመር ላይ። ማረሻው የደረሰው እስከዚያ ነው፣ ኖራውም እስከዚያ። ከዚያ በታች ፒኤች 4.7።

«ታዲያ ወደ ታች ማን ያወርደዋል?» አሉ አጎቴ ጎንበስ ብለው እያዩ።

ካርቦኔት በራሱ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሁለት ነገር እሞክራለሁ። አንዱ፣ በተረፈው 65 ኪሎ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መስመር እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በዶማ ገልብጦ መደባለቅ። ሁለተኛው ጂፕሰም ነው። ጂፕሰም ቤዝ አይደለም፣ ፒኤቹን ከፍ አያደርግም። ግን ከኖራ ድንጋይ በተሻለ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰልፌቱ አሉሚኒየሙን ይዞ ጉዳቱን ይቀንሳል። ዓባይ በረሃ ገደሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ድንጋይ ውስጥ ጂፕሰም ሞልቷል። የተፈጨ አንድ ኩንታል የሚያመጣልኝ ሹፌር እየፈለግሁ ነው። አጎቴ ዶማ የሚይዙ ሁለት ልጆች አግኝተዋል፣ «የቀን ሂሳቡን እኔ ነኝ የምከፍለው» ብለዋል።